መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የሚመለሱት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

አስፈሪው የኮምፒውተር ጌማችን ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ገና ያላለቀ ቅጂ ነው፤ ሰዉ እየተጫወተ አስተያየቱን ይጽፍልናል፣ እኛም እያረምን እስከ ኤፕሪል እንጨርሰዋለን። አለቃችን ዙቤር አስተያየቶቹን በሙሉ እኔ እንዳነብ ወስኗል። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ስድቡም የእኔ ድርሻ ነው ማለቱ መሰለኝ። ቅር አላለኝም። ሰው የሚያስበውን ማወቅ የማልጠግበው ነገር ነው፤ ታክሲ ውስጥ የጎረቤቴን ስልክ አሻግሬ የማነብ ሴት ነኝ።

በአምስት ምድብ ከፈልኳቸው፦ የፈሩ፣ ያልፈሩ፣ የተበላሸባቸው፣ የሰደቡን፣ ሌላ። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት መቶ አስራ ስድስት አነበብኩ። ከወደድኳቸው ጥቂቶቹን ልጻፍ።

"ሦስት ሰዓት ሙሉ አልጋ ሥር ተደብቄ ቆየሁ። ሌላ ምንም አላየሁም። አሪፍ ጌም ነው።"

"ከወንድሜ ጋር ጀመርነው። ሰግጄ ልምጣ ብሎ ወጣ፤ ይኸው ሁለተኛ ቀኑ።"

"ከሁሉም ድመቷ ጎበዝ ተዋናይ ናት።"

"ጎረቤቷ የቤት ኪራይ ትክፈል።"

ጎረቤት የምንላት የጌሙ ፍጡር ናት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከቱኒዚያዋ ከተማችን ከስፋክስ ወጣ ብሎ በወይራ ዛፎች መሀል ባለ የቤተሰብ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። መሣሪያ የላትም፤ መደበቅ፣ ማዳመጥና መሮጥ ብቻ ነው የምትችለው። የውጭው በር ቁልፍ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ውስጥ ወድቋል፣ ፍሳሹ ደግሞ በስብ ተደፍኗል። ልጅቷ ምድጃ ላይ የሚፈላውን ድስት ተሸክማ ወርዳ ፍሳሹ ላይ ትደፋዋለች። ስቡ ይቀልጣል፣ ቁልፉ ይገኛል፣ እዚያ ተኝታ የነበረችው ጎረቤትም ትነሳለች። ጌሙ በእውነት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

እንቆቅልሽ አገኘሁ። ጠዋት ቁጥሮቹን ስመለከት ነው የታየኝ። ከሩቅ አገር ከሚጫወቱት ከመቶ ዘጠናው ውኃውን ደፍተው ያልፋሉ። የእኛ ሰዎች ግን፣ ከቱኒዚያም ከአልጄሪያም ከሊቢያም ከግብፅም፣ ከመቶ ስድሳ አንዱ ድስቱን ይዘው መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ ይሄዳሉ። ከዚያ ጌሙን ዘግተው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ዳግም አይከፍቱትም።

ዙቤር የኮምፒውተር ችግር ነው ብሎ ኦልፋን ሲያስፈትሽ ዋለ። ኦልፋ ፕሮግራሙን የምትጽፈው ናት፤ ለማሽን ጥብቅና መቆም ትወዳለች።

"የአረብ ኮምፒውተር ሁሉ ተማክሮ አንድ በር ላይ ይበላሻል እንዴ?" አለችው።

ዙቤር አልሳቀም። ሥራውን የሚደጉመው አሳታሚ ዲሴምበር 10 ላይ ጌሙን እንደገና አይቶ ይቀጥል ወይም ይቅር ይላል። እስከዚያ ምክንያቱ ካልታወቀ መታጠቢያ ቤቱን ነቅሎ እንደሚያወጣውና ቁልፉን ሌላ ቦታ እንደሚያስቀምጠው ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ለምን እንደዚያ እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ክፍል ነው እንጂ ሰው አይደለም። ያም ሆኖ ምክንያቱን አገኛለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

በጥድፊያ። በሩ ላይ ከተመለሱት ለአርባዎቹ ጻፍኩላቸው። አስራ ዘጠኙ መልስ ጻፉ። ማንም ምክንያቱን አይናገርም።

"ሥራ በዛብኝ።" "እናቴ ጠራችኝ።" "እንጃ።" "ጥሩ ነው፣ እዚያ ጋ ግን ይበቃኛል።" የት ጋ? ለምን?

አንድ የገበስ ከተማ ሰውዬ አለ፣ ሠላሳ አንድ ሰዓት ተጫውቷል። ሁሉንም ኩሽናና ግቢ ውስጥ። ድስቱን ያነሳል፣ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ምድጃው ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል። አስራ አራት ጊዜ። ይህን ሰውዬ ባገኘው ምሳ እጋብዘው ነበር።

"ሌላ" ከሚለው ምድብ፦ "የሚጥል በሽታ አለብኝ። መብረቁን ማጥፊያ ብታበጁልኝ እኔም እንደ ሰው ልፍራ።" ተገቢ ጥያቄ ነው፤ "አይቸኩልም" ብዬ ምልክት አደረግኩበት። የበሩን ነገር ሳልፈታ ሌላ አላስብም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

አገኘሁት።

ሦስት ተጫዋቾችን ቢሮ ጠርተን ሲጫወቱ ከኋላ ቁጭ ብለን አየን። ሁለቱ ወጣቶች በሩ ጋ ደርሰው "ይቅርታ፣ ጉዳይ አለብን" ብለው ሄዱ። ሦስተኛዋ ዊዳድ የምትባል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ደም የለመደች፣ ምንም የማያስደነግጣት። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣውን ማቃሰት ሰምታ "ይቺስ ሳንባዋን ትታይ" አለች። ድስቱን አነሳች፣ ወረደች፣ ፍሳሹ ፊት ቆመች። አራት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ። ከዚያ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላምጣ አለች።

ደረጃው ላይ ተከትዬ ደረስኩባት። እውነቱን እንድትነግረኝ ለመንኳት።

"ትስቂብኛለሽ" አለች።

"አልስቅም።"

"ልጅቷ ቢስሚላህ የምትልበት መጫኛ ቁልፍ የት አለ?"

ወደ እሷ አንድ ደረጃ ወረድኩ።

"ፈልጌ አጣሁት። ሁሉንም ቁልፍ ነካሁ። ቤቴ የማላደርገውን ነገር ቤትሽ መጥቼ ላድርግ?" አለችና ቦርሳዋን አንግታ ወረደች።

እዚህ አገር ሙቅ ውኃ ፍሳሽ ላይ ከመደፋቱ በፊት ቢስሚላህ ይባላል፤ ከታች ያሉት ጂኒዎች ሰምተው ዘወር እንዲሉ፣ እንዳይቃጠሉና እንዳይቀየሙ። የሚያምነውም የማያምነውም ይለዋል፣ አፍ ስለለመደ። አምስት የስፋክስ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቤት ስንሠራ አንዳችንም አላነሳነውም። ሥራውን የተማርነው ከውጭ ጌሞች ነውና ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ውኃ እንደ ባዕድ እንደፋለን።

ወደ ላይ ወጥቼ ስነግራቸው ዙቤር ግንባሩን ያዘ። ኦልፋ ግን ከመጀመሪያው አስተውዬ ነበር አለች። አንቺ ሶንደስ አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነው፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው፣ አለች። ዙቤር ወደ እኔ ዞረ።

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?"

"ረሳሁት" አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ስንጨቃጨቅ ዋልን። ዙቤር ሁለት መንገድ ነው ያለን ይላል፤ ወይ ቃሉን ማስገባት፣ ወይ ክፍሉን ማውጣት። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም አልኩ። ይድፉት አልኩ። እንዲሁ፣ ምንም ሳይሉ ይድፉትና ይዩት። ለምን ሲለኝ ለታሪኩ ጥንካሬ ነው አልኩት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ ታች ሱቅ ያለው የሶፋ ሠሪ እንኳ ቀና ብሎ አየን አሉ።

ለአሳታሚው ለምጽፈው ሪፖርት ይጠቅማል ብዬ አንድ ነገር መመዝገብ ጀምሬአለሁ። እስከ ዛሬ ውኃውን የደፉት 4,112 ሰዎች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 4,087ቱ ከደፉ በኋላ በሌላ ቀን ተመልሰው ተጫውተዋል፣ ስለዚህ ደህና ናቸው። ሃያ አምስቱን አላውቅም። ምናልባት እረፍት ወጥተው ይሆናል። በየጠዋቱ ቢሮ እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ዛሬ ሁለቱ ተመለሱ፤ አንዱ ከብራዚል፣ አንዷ ከፖላንድ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ኦልፋ በትከሻዬ አሻግራ አየችና ምን እየቆጠርሽ ነው አለችኝ። ሰዉ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ነው አልኳት። ትንሽ ቆማ ሄደች። ኦልፋ ነገር ሲገባት ዝም የምትል ሰው ናት፣ ይህ ደግሞ ያናድደኛል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 17

ቤት ነው የዋልኩት። እናቴ ኩስኩስ በዓሣ ሠርታ ነበር። የአባቴ እህት አክስቴ ሻድሊያ እንደ ልማዷ መጣች። እንደ ልማዷም ሰው በማስፈራራት እንጀራ ይበላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ለመፍራት ብሎ እንደሚከፍል ስነግራት ባሏን በነፃ ልትሰጣቸው እንደምትችል ነገረችኝ። ሳቅን።

ወንድሜ ነጂብ ግን አልሳቀም። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ብስክሌት ይጠግናል፣ መንገድ ላይ ያላወቀው ሰው የለም። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ይጥለዋል። መድኃኒቱን በደንብ ስለሚወስድ አሁን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው።

"ዓለም ሁሉ አስተያየት ሰጠ፤ በገዛ እህቴ ጌም እኔ አፌን ዘግቼ ልቅር?" አለ።

ጌሙ ውስጥ መብረቅ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለሱ አይሆንም። ይህን ለመቶኛ ጊዜ ነገርኩት። ነገሩ እውነት ነው፣ ሐኪም የሚለውም ይህንኑ ነው። ተነስቶ ግቢ ወጣና የጎማ ነፋስ ሲሞላ ሰማሁት።

ሳህን አንስቼ ወደ ኩሽና ስሄድ ሁለቱ ሴቶች እያወሩ ነበር። ድንች የቀቀልኩበት ድስት እስኪቀዘቅዝ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበር።

"አሁንም ውኃውን ታቀዘቅዛለች?" አለች አክስቴ።

"ተያት" አለች እናቴ።

"እኔ እኮ ያኔ..."

"ተያት አልኩሽ።"

ቧንቧው ፕላስቲክ ስለሆነ ነው የማቀዘቅዘው። ሙቅ ውኃ መጋጠሚያውን ያላላል። ማንም ቧንቧ ሠራተኛ ቢጠየቅ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ለሪፖርቱ የማይጠቅም።

ነጂብ አራት ዓመቱ፣ እኔ ስምንት። ብርድ ነበር። ድስቱ ከባድ ነበር፤ ጨርቁ ቀጭን ስለነበር እጄን አቃጠለኝና ቸኮልኩ። ቃሉን አላልኩትም። የዚያኑ ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣለው። ሐኪሙ ትኩሳት ነው አለ። አክስቴ ግን ከታች ያሉት ናቸው አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሩ ክፍት መሆኑን ሳታይ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ። ይህን ገጽ እቀደዋለሁ።

(አልቀደድኩትም። ከጀርባው የዛሬው ቁጥር አለበት፤ ካልተመለሱት አስራ ዘጠኝ ቀሩ።)

ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

ኦልፋ የቢስሚላህን መጫኛ ቁልፍ ሠራችው። ለረጅም ጊዜ ሲጫኑት የልጅቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ዊዳድን ደግመን ጠራናት። ተጫነች፣ ደፋች፣ የበሩን ቁልፍ አወጣች፣ በሩን ከፍታ በወይራ ዛፎቹ መሀል ወደ አስፋልቱ ሄደች። ጎረቤቷ ተኝታ ቀረች። ጌሙ በአርባ ደቂቃ አለቀ።

"ደስ የሚል ቤት ነው" አለች ዊዳድ ከልቧ።

ዙቤር አስፈሪ ጌም ጀምረን የቤት ጽዳት ጌም ሠራን አለ። ከመካከላችን አንዱ ቃሉ ተብሎም ጎረቤቷ ትነሳ የሚል ሐሳብ አመጣ። ዊዳድ ሰማችውና፣ ቢስሚላህ ካልሠራማ ማን ደፍሮ ከቤቱ ይገባል አለች። ዙቤርም ያንን በእጄ አልነካውም አለ። እኔም አልነካውም። ስለዚህ ክፍሉ ሊወጣ ነው። አስራ ስምንት ቀን ቀርቶናል፣ እኔ ደግሞ ምክንያቱን አግኝቼ መፍትሔ የሌለኝ ሰው ሆኛለሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ከምሳ በኋላ።

ነጂብ ቢሮ መጣ። የኦልፋን ብስክሌት ጠግኖ ያመጣ መሰለኝ። እሷ ግን ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው። ለካ መብረቁን የሚያጠፋ ቅጂ በአንድ ከሰዓት ሠርታለች፤ ከሠላሳ በላይ ሰው ጠይቆን ነበር። ሐኪሙንም አስፈቅጃለሁ አለ ነጂብ፤ ወረቀቱን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ያን "እኔም እንደ ሰው ልፍራ" የሚለውን የጻፈው እሱ ነው። ወንድሜን አንብቤ "አይቸኩልም" ብዬበታለሁ። አፈርኩ፣ ነገርኩትም። በቤት ስትከለክዪኝ በጽሑፍ ልሞክር ብዬ ነው አለ።

ተጫወተ። ከኋላው ቆምኩ፣ መቀመጥ አልቻልኩም። ድስቱን አነሳ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እንደ ሌሎቹ ቃሉን የሚፈልግ መሰለኝ። እሱ ግን ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠና ተመለሰ። ሳሎን ገባ፣ መኝታ ቤቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ግቢውን ዞረ። ሃያ ደቂቃ ያህል።

"ምን እየፈለግክ ነው?" አልኩት።

"ሰው።"

"ሰው የለም። ብቻዋን ናት።"

"ድስቱን ታዲያ ማን ጣደው?"

ዙቤር ሳንድዊቹን ይዞ ቆሞ ቀረ።

"ስትገባ ውኃው እየፈላ ነው ያገኘችው" አለ ነጂብ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። "አንድ ሰው ጥዶታል። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሶንደስ። ይህን የሚያህል ድስት ተሸከሚ ያላት ማን ነው?"

ያንን አልጻፍኩትም አልኩት። ጻፊዋ አለኝ። ከመሄዱ በፊት አስተያየቱን በስልኩ ጽፎ ለጠፈው፦ "ጥሩ ጌም ነው። ጎረቤቷ አላስፈራችኝም። ያስፈራኝ ድስቱን ለሕፃን ሰጥቶ ዘወር ያለው ሰው ነው።"

የትኛው ምድብ ውስጥ እንደማስገባው ሳስብ አንድ ሰዓት አለፈ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

ዙቤር የነጂብን ነገር አልለቀቀም። አንድ ድምፅ እናስገባ አለ፤ ልጅቷ ኩሽና ስትገባ ከፎቅ አንዲት ትልቅ ሴት በችኮላ ታዝዛታለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ኦልፋ ለሙከራ በራሷ ድምፅ ቀዳችው። አስራ ሁለት አዲስ ተጫዋቾች ጠራን፣ ሁሉም የአገሩ ልጆች። አስራ አንዱ ደፉት። ሁለቱ ጮክ ብለው ቢስሚላህ እያሉ። ለምን ደፋችሁ ስላቸው የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ እናት ስትጠራ ማን ያስባል፣ እግር ነው የሚቀድመው። ጎረቤቷ ስትነሳ ደግሞ የተናደዱት በራሳቸው አይደለም። ከፎቅ የተናገረችው ሴት ላይ ነው። አንዱማ ተነስቶ ሰደባት።

እንግዲህ ክፍሉ አይወጣም፣ አሳታሚውም ይህን ያያል። የቀረው የሴትዮዋ ቃል ነው። ኦልፋ ለጊዜው ያለችው ልቅም ያለ የመጽሐፍ ንግግር ነው። ዙቤር እውነተኛውን ጻፊ አለኝ፣ እንደዚያች ያለች ሴት በእንደዚያ ያለ ጠዋት የምትለውን። ሦስት ቀን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አይመጣልኝም። ድስቱን አስታውሳለሁ፣ ጨርቁን አስታውሳለሁ። ያለችውን አላስታውስም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

አክስቴ ዛሬ አልመጣችም፣ ነጂብ ገበያ ነው። እናቴ ግቢ ጥላው ሥር ለውዝ እየፈለፈለች ነበር። ለሥራ ነው ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና ስለዚያ ጌም ነገርኳት፣ ስለ በሩ፣ ስለሚመለሱት ሰዎች። ነጂብ የጻፈውን አነበብኩላት። እጇ ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑን?"

"የሰጠሁሽ። ነጂብን አቅፌ ነበር። 'ውሰጂው፣ ቶሎ በይ፣ እጄ አልተረፈም' አልኩሽ።"

ጻፍኩት። እጄ ደብተሩ ላይ እያለ ነጂብን ለምን አቅፈሽው ነበር ብዬ ጠየቅኳት።

"ሰውነቱ እሳት ሆኖ ነበራ። ከንጋት ጀምሮ። ያን ውኃም የጣድኩት ፎጣ ነክሬ ላብሰው ብዬ ነው፤ የተረፈውን ነው አንቺ የደፋሽው።"

ከንጋት ጀምሮ። ድስቱን ከመንካቴ በፊት ታሞ ነበር ማለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህች ቤት ውስጥ ይህን የምታውቅ ሴት እኔ ከምበላበት ሳህን አብራ ትበላ ነበር። ተናደድኩ፣ እውነት ነው፤ ድምፄም ከፍ አለ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?" አለች።

ከዚያ የለውዙን ቅርፊት ከቀሚሷ ላይ ስታራግፍ ቆየች። አክስትሽ ያለችውን መስማትሽን ጠርጥሬ ነበር አለች። ውኃ ስታቀዝቅዢ አይቼ ምን ሆነሽ ነው ስልሽ፣ የቧንቧው ነገር ነው አልሽኝ።

"ማመን ቀለለኝ፣ ልጄ። እንዳትጠይቂኝም እፈራ ነበር። ድስቱን ለምን ሰጠሽኝ ትይኛለሽ ብዬ።"

አልጠየቅኳትም። በሦስት ቋንቋ ከአምስት ሺህ በላይ አስተያየት አንብቤአለሁ፤ የፖላንዷን ሴት ደኅንነት ስጠባበቅ ሰንብቻለሁ፤ እናቴን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ ለውዙን አብረን ፈለፈልን።

ሪፖርቱ የሚገባው ማክሰኞ ነው፣ ገና አልጀመርኩትም። አሁን ውስጥ ገብቼ ደብተሬን ከፍቼ እናቴን የምጠይቃት ሌላ ሰባት ነገር ጽፌአለሁ። ሳህኗን ይዛ ስትገባ ይሰማኛል። ከመጀመሪያው ጥያቄ እጀምራለሁ።